ደጄን የዘጋው ግዝት

ሹመት ደግ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ይምጣና በእኔ በር ይውጣ። አይወጣም። ለምን እንደማይወጣ ልንገራችሁ፤ ብቻ ደህና አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ እኔ ነገር ስጀምር ከሥሩ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከደብራችን ቅጽር ሥር ነው። ዳዊቱን እኩሌታ እንዳደረስኩ አባቴ ሞተና ሞፈር ያዝኩ። እርሻውንም ቢሆን እኩሌታ ላይ እያለሁ ወገቤን አመመኝና ለልጆቼ ተውኩት። እንግዲህ ንባቡም እኩሌታ፣ እርሻውም እኩሌታ የሆነ ሰው ሲገኝ መንግሥት አይቶ ዝም አይልም፤ ይሾመዋል። በጃንሆይ ዘመን ዋንዛ በር ማዘጋጃ ቤት ይቁምላት ተባለና፣ ማኅተም ዘቅዝቆ የማይመታ ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ።

ዋንዛ በር ከስማዳ ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከተማ ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ፤ አርባ የሚሆን የሣር ቤት፣ ሦስት ቆርቆሮ፣ አንድ ደብርና የሐሙስ ገበያ ናት። ማዘጋጃ ቤቱም የተከፈተው እኔው ግቢ ውስጥ ነው። ጎተራዬን ገብሱን አወጣሁና ማኅተሙን አስገባሁበት። አይጦቹ ገብስ ሲያጡ ጊዜ ደብዳቤ መብላት ጀመሩ፤ ከወረዳ የሚመጣውን ትእዛዝ ከእኔ ቀድመው የሚጨርሱት እነሱ ነበሩ።

ግቢዬን ዕወቁልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሱ ነው የመጣ። በሬን ስከፍት እግሬ የሚያርፈው ገበያው ሜዳ ላይ ነው። ኋላዬ ገደል ነው። ገደሉ ዞሮ ግራዬንም ይዞታል። ከገደሉ ወገብ ላይ ከግቢዬ የምትወረድ አንዲት ምንጭ አለች፣ ከእሷ ወዲያ ጦጣም አይረግጥ። በቀኜ ያለችው ወይዘሮ አንጓች ናት።

ወይዘሮ አንጓች ጠላ እየጠመቀች የምትኖር ባልቴት ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በአንደበት ደግሞ አገሩን በሙሉ ትበልጣለች። የእሷ ደጅ ወደ ታችኛው መንገድ ነው የሚወጣ። ከእናቷ ጀምሮ ውኃ የምትቀዳው ግን በእኔ ግቢ አልፋ ከዚያች ምንጭ ነበር። እኔ ስሾም፣ ሴት እንስራ አዝላ በማኅተም ፊት እንዴት ታልፋለች አልኩና ወረቀት ጻፍኩ፦ «በማዘጋጃ ቤት ግቢ ማለፍ ክልክል ነው።» ማኅተም መታሁበትና ከአጥሩ ላይ ሰካሁት። እሷ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት። የምታልፍበትንም ቀዳዳ በአጋም እሾህ ደፈንኩት።

አቤት ልትል መጣች። «ነገ ተመለሺ» አልኳት። ምን ላድርግ፣ ሹም ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ዛሬውኑ የሚሰማ ሹም ሹም አይመስልም። በነጋታው መጣች። «ነገ ተመለሺ።» ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። በስምንተኛው ቀረችና ቁልቁል ወንዝ ድረስ እየወረደች መቅዳት ጀመረች። ሽቅብ ስትመጣ ትንፋሿ ከአጥሬ ማዶ ይሰማኝ ነበር። እኔም እሰማና ጋቢዬን እስበው ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

ከዚያ የወረዳው ገዢ ፊታውራሪ ደብዳቤ መጣ። ከአይጦቹ ቀድሜ አገኘሁት። ገበያው ከደብሩ ሥር ሆኖ ቅዳሴ እየረበሸ ነውና ወደ ታች ሜዳ ይዛወር፤ ወሩ ሲያልቅ በሐሙስ ቀን መጥቼ አያለሁ፤ ተዛውሮ ካላገኘሁት ገበያውን ለጎሽ ሜዳ እሰጠዋለሁ ይላል። ጎሽ ሜዳ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጅብ አንካሳ አህያ እንደሚያይ ገበያችንን ስታይ ነው የኖረች። ገበያው ከሄደ ዋንዛ በር ምን ቀራት? አርባ ጎጆ እርስ በርሱ ሲተያይ መዋል ነው። የወይዘሮ አንጓችም ጠላ ይሻግታል፣ የእኔም ማኅተም ይዝጋል።

በመጀመሪያው ሐሙስ አስለፈፍኩ። ስማ ያልሰማህ አሰማ ተባለ። ሁሉም ሰማ። ሰምቶም እዚያው ቦታው ላይ ዘረጋ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ።

«አንቺ! ልፈፋው አልተሰማሽም?»

«ተሰምቶኛል ጌታው፤ ደህና ድምፅ አለው።»

«ታዲያ ለምን አትነሽም?»

«እናቴ እዚች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው በርበሬ ሸጣ ያሳደገችኝ። ድንጋይቱን ወደ ታች ሜዳ ያውርዱልኝ፣ እከተላታለሁ።»

እኔ ደግሞ እልህ ከያዘኝ ወገቤን አልልም። ድንጋይቱን ተሸክሜ ወረድኩ። ሴትዮዋም እውነትም ተከትላኝ ወረደች፤ ሲመሽ በዓይኗ እየጠቀሰች ሰላም አለችኝ። በሁለተኛው ሐሙስ ብመጣ ድንጋይቱም ሴትዮዋም ተመልሰው ከጥንት ቦታቸው ተቀምጠዋል። በሦስተኛው ሐሙስ ሜዳውን በሙሉ እሾህ አለበስኩት። ገበያተኛው እሾሁን ለማገዶ ተከፋፍሎ ሲያበቃ፣ «ዕድሜ ይስጥልን፣ ደግ ሹም ነው» ብሎ መርቆኝ ሄደ። ሰው ሲመርቀኝ እንደዚያ ቀን ተቃጥዬ አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ቀረኝ። ያን ጊዜ ነው ግዝት ትዝ ያለኝ። ያገራችን ሰው ሹም አይፈራም፣ እሾህ አይፈራም፣ ግዝት ግን ይፈራል። ቄስ መስቀል አንሥቶ «ይህን የረገጠ የተገዘተ ይሁን» ካለ፣ ያን መሬት እንኳን ሰው ጥላውም አይነካው። ያሰረው ራሱ ካልፈታው ደግሞ ሌላ ቄስ አይፈታውም።

ወደ ደብራችን ቄሰ ገበዝ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ።

«ልጄ፣ ግዝት እሳት ነው» አሉኝ። «እስከየት እንደሚነድ ለይተህ ንገረኝ።»

«ከዋንዛው ዛፍ ሥር እስከ ገደሉ አፋፍ፣ ከደብሩ ካብ እስከ እኔ በር ጉበን።»

«ጥግ ጥጉን ለመተላለፊያ ብንተወውስ?»

«አባቴ! ለዚህ ሕዝብ ስንዝር ከተዉለት ስንዝሯ ላይ ሽንኩርት ይዘረጋባታል! ጣት የምታህል እንዳትቀር!»

«ሻጩንም ገዢውንም?»

«ሁሉንም!»

«ሹሙንም?»

ደረቴን ነፋሁ። «ሹም ቢሆንስ! ሕግ ለሁሉ ነው!»

ቄሰ ገበዝ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አሁን ሳስበው ያ አስተያየት ብዙ ነገር ነበረው፤ ያን ጊዜ ግን ያደነቁኝ መስሎኝ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና የሚባለው እኮ ለበሬ አይደለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንሥተው፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ከነገ ጠዋት ኪዳን ጀምሮ ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ ተንሾካሾከ። በርበሬ ሻጯ ድንጋይቱን አንሥታ ራሷ ተሸክማ ወረደች። እኔ በደስታ ሜዳውን በሰያፍ አቋርጬ ቤቴ ገባሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ቄሰ ገበዝ በቅሏቸውን ጭነው ጋይንት ቤተ ልሔም ወረዱ፤ የመምህራቸው ተዝካር ነበር። በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብለዋል። እኔም ታጥቤ፣ በትሬን ይዤ፣ በሬን ከፍቼ አንድ እግሬን አነሣሁ።

«እግርዎን!» ብላ ጮኸች ባለቤቴ ብርቄ ከኋላዬ። «እግርዎን ይመልሱ!»

እግሬ በአየር ላይ ቀረች። አየሁ ወደ ፊት፤ ግዝት። አየሁ ወደ ግራ፤ ገደል። አየሁ ወደ ቀኝ፤ ራሴ የደፈንኩት እሾህ፣ ከእሾሁ በላይ ራሴ የሰካሁት ወረቀት። እግሬን ቀስ ብዬ መለስኳት።

«እና አሁን እንዴት ነው የምንወጣው?» አለች ብርቄ።

«እኔ እንጃ።»

«ለቄሱ ጉበኑን የነገረ ማን ነው?»

ዝም አልኳት። ያገባችኝ ሴት ናት፤ ዝምታዬን ታነባለች፣ ያውም ከእኔ ዳዊት አቀላጥፋ።

ላሜ ግን ወጣች። ላም አትገዘትም። ከመሀል ሜዳው ቆማ ያን ሰው ያልረገጠውን ሣር ስትግጥ፣ እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከአጥር ላይ ተንጠልጥዬ «ነይ እንጂ! ነይ አልኩሽ!» እላታለሁ። ዞር ብላ አየችኝና ጅራቷን ወዘወዘች። ከሹመቷና ከሹመቴ የቱ ይበልጣል?

አቤት ባዩም አልቀረም። ከሜዳው ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጮኻል፣ እኔ ወዲህ ሆኜ እጮኻለሁ። አንዲት ሴት ባሏን ልትከስ መጥታ፣ ለእኔ በጆሮዬ ልትነግረኝ ያመጣችውን ነገር በጩኸት ስትናገረው ከተማው በሙሉ ሰማው። እኔ ገና «ምን አልሽ?» ስል ከተማው ፈርዶ ጨረሰ። ባልየው ያን ቀን አገር ጥሎ አክስቱ ዘንድ ሄደ አሉ።

በዚያ ሜዳ ላይ እንደ ልቡ የሚመላለስ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እንድሪስ። እንድሪስ አሞሌ ጨውና አቡጀዲ የሚነግድ እስላም ነው፤ የእኛ ቄስ ግዝት እሱን አይዘውም። የመጀመሪያ ቀን እየሣቀ መጣ።

«አያ ሹም፣ ምን ጉድ ነው? አገሩን በሙሉ ለእኔ ብቻ ሰጡኝ?»

«እንድሪሴ፣ በሞቴ፣ ጨው አልቆብናል።»

ጨው አመጣ። ብርቄ በርበሬ አለችው፤ አመጣ። ማዶ ያሉት አቤቱታ አሲያዙት፤ አመጣ። መልሱን ወሰደ። መልሱን ያልወደዱት መለሱለት። ማክሰኞ ቀን ሣቁ ቀነሰ። ረቡዕ ጠዋት ከሜዳው መሀል ቆሞ አቁማዳውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው።

«ኧረ በአላህ!» ብሎ ጮኸ ለሁላችንም። «ወይ ፍቱት፣ ወይ እኔንም አብራችሁ ገዝቱኝ! እግሬ አለቀ!»

ያን ለት ነበር ወንዝ ሞልቶ ቄሰ ገበዝ ማዶ ቀሩ የሚል ወሬ የመጣው። ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው። ፊታውራሪ ነገ መጥተው፣ የሚቀበላቸው ሹም ሲያጡ፣ ሹም የሌለው ገበያ ብለው ለጎሽ ሜዳ እንደሚሰጡት እንደ ጸሐይ ታየኝ። መውጫዬ አንድ ነበር። እሱንም ከማክሰኞ ጀምሬ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ማክሰኞ ያደረግሁት ይህ ነው። ወደ ወይዘሮ አንጓች አጥር ሄጄ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እስከዚያ ቀን በሹመቴ «አንቺ» ስላት የኖርኩ ሴት ናት፤ ያን ዕለት ምላሴ ራሱ ተለወጠ።

«እሜቴ አንጓች፣ እንዴት አደሩ?»

ከወዲያ ማዶ ጌሾ የምትወቅጥበት ዘነዘና ቆመ። «ማነው? የምን ወፍ ነው የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ እሜቴ። በግቢዎ ልለፍ ብዬ ነበር።»

«ምን ሊሆንልህ?»

«ለመንግሥት ሥራ ነው።»

«እንዲያ ነው እንዴ?» አለች። ዘነዘናው እንደገና ጀመረ። «ነገ ተመለስ።»

እንግዲህ ረቡዕ፣ ያ የወንዙ ወሬ ከመጣ በኋላ፣ ተመለስኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ማመልከቻ ጻፍኩ። ለወረዳ እንኳ እንደዚያ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። «ለክብርት ወይዘሮ አንጓች» ብዬ ጀምሬ፣ ከግርጌው ማኅተም መትቼ፣ በእሾሁ መሀል በበትሬ ጫፍ አሳለፍኩላት። አነበብኩላትም። ወረቀቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አዟዟረችው።

«ይቺ ክቧ ነገር ማኅተም ናት?»

«አዎን እሜቴ።»

«ያን ጊዜ የከለከለችኝም እቺው ናት?»

«…እቺው ናት።»

«እንግዲያ አንዲት ማኅተም እንዴት አድርጋ ስትከለክልም ስትለምንም ትኖራለች? ሴትዮዋ ትወላውላለች። ነገ ተመለስ።»

«ነገ ሐሙስ ነው እሜቴ! ገበያው ሊሄድ ነው! የእርስዎስ ጠላ?»

ወገቧን ይዛ ቁልቁል ወደ ወንዙ ስትሄድ አየኋት፣ እንስራዋን አዝላ። ያን ጊዜ ነው፣ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚያስቆም የቆጠርኩት። አምስት ጊዜ ቆማ አረፈች። ስትወርድ ነው ይህ።

ሐሙስ ነጋ። ካባዬን ለበስኩ፤ የማልሄድበት ቢሆንም ለበስኩ። አሁን የሚያቃጥለውን ስሙ፤ ገበያው አማረ! ታች ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። እኔ ከአጥሬ ላይ ሆኜ አየሁት። ገብሱ በመስመር፣ ከብቱ ለብቻ፣ በርበሬ ሻጯ ድንጋይዋ ላይ። ወር ሙሉ የተቃጠልኩለት ገበያ ያለ እኔ ሲሄድ ካየሁ በኋላ፣ ሹም ምን ይሠራል የሚለውን ነገር ሳስብ ዋልኩ።

እንድሪስ ሜዳውን እየሮጠ መጣ። «አያ ሹም! ፊታውራሪ ገብተዋል! ሹሙ የት አለ እያሉ ነው!»

ወደ አንጓች አጥር በረርኩ። «እሜቴ! ደረሱ! እባክዎ!»

ቆማ ነበር የምትጠብቀኝ። «ማመልከቻህ ተመረመረ» አለች። «አንደኛ፣ ይህን እሾህ የደፈነው እጅ ይክፈተው። ሁለተኛ፣ ይቺን ተቀበል።»

እንስራዋን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠችኝ፤ ባዶ ናት፣ ገመዷም አብሮ።

«ምን ላድርጋት?»

«ከእናቴ ምንጭ ሞልተህ አምጣልኝ። አዝለህ። ወንዝ ውረድ አላልኩህም፤ አንተ እንዳደረግኸኝ አላደርግህም።»

እንስራ! ባገራችን ወንድ እንስራ ሲያዝል ከታየ ሰባት ትውልድ ይዘፈንበታል። ወደ ብርቄ ዞርኩ፤ ብርቄ ወደ ሰማይ እያየች ነው፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ወደ ሜዳው ዞርኩ፤ ግዝት። እሺ አልኩ። እሾሁን በእጄ ነቀልኩ፤ ደሜ ወረደ። ያን ወረቀት ገንጥዬ ጣልኩት። ወደ ምንጩ ወረድኩ፣ ሞላሁ፣ አዘልኩ። እንስራ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሽቅብ ስመለስ ትንፋሼን ሰማሁት፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከአጥር ማዶ የሰማሁት ያው ትንፋሽ ነበር፣ አሁን ግን ከእኔ ደረት ነው የሚወጣ። ካባዬ ረጠበ። ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው አልፌ፣ በጓሮዋ ዞሬ፣ ከነእንስራዬ ወደ ቤቷ ገባሁ።

ፊታውራሪ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠላ ይዘዋል።

ለካ ሹሙ የት ነው ሲሉ ሕዝቡ «ቤቱ ነው፣ በር ግን የለውም» ብሏቸው፣ ሜዳውን እንዳይረግጡ ግዝቱን ነግሯቸው፣ በታችኛው መንገድ ወደ አንጓች ቤት አምጥቷቸዋል። አጃቢዎቻቸው ከደጅ ሞልተዋል። እጅ ልነሣ ጎንበስ ስል ከእንስራው ውኃ በአንገቴ በኩል ፈሶ ከጫማቸው ላይ አረፈ።

«ይኼ ነው ሹሙ?» አሉ ፊታውራሪ።

«እሱው ነው ጌታዬ» አለች አንጓች እንስራዋን ከጀርባዬ እያወረደች። «ዛሬ ነው የተሾመ።»

ሁሉን ነገረቻቸው፤ ድንጋይቱን፣ ጉበኑን፣ ላሚቱን፣ ሰባቱን «ነገ ተመለሺ»። አንድም አላስቀረችብኝም። እኔ ውኃዬን እያንጠባጠብኩ ቆሜ የገበያውን ዕጣ በፊታቸው ላይ እፈልጋለሁ። አልሣቁም። ጠላቸውን ጨለጡና ሽክናዋን አስቀመጡ።

«ብዙ ሹም አይቻለሁ» አሉ። «ትእዛዙ ሰውን ሲይዝለት እንጂ ራሱን ሲይዘው ያየሁት አንተን ነው። ገበያው እዚሁ ይሁን። ይቺም መንገድ እንዳትዘጋ። ደግሞ፣ አንተ፣ ተቀመጥ፤ ሰው አታርጥብ።»

ተቀመጥኩ። አንጓች ጠላ ቀዳችልኝ። ወንድሞቼ፣ ጠላው የዚያችው ምንጭ ውኃ ነበረው ልበላችሁ? አልነበረውም። የወንዙ ነበር፤ አምስት ጊዜ ያረፈችበት ውኃ። አልወረደልኝም።

ቅዳሜ ቄሰ ገበዝ ተመለሱ። እንደ ሕፃን ሮጥኩ፤ በአንጓች ግቢ ዞሬ ማለቴ ነው።

«አባቴ፣ ከበሬ እስከ ዋንዛው የእግር መንገድ ብቻ ይፍቱልኝ።»

«ግዝት እንደ ጠፍር ተተልትሎ አይፈታም ልጄ» አሉ። «ከፈታሁ ሁሉንም ነው። ልፍታው?»

አፌን ከፈትኩ። በርበሬ ሻጯ ከደብሩ ካብ ዘንድ ቆማ ትሰማለች። ያችን ዓይኗን አየኋት። «ተፈታ» የሚለው ቃል ከቄሰ ገበዝ አፍ እንደወጣ ድንጋይቱ ከሐሙስ በፊት ሜዳው ላይ ናት፤ ድንጋይቱ ከመጣች ሕዝቡ ይመጣል፤ ሕዝቡ ከመጣ ፊታውራሪ ይሰማሉ።

«ይቆይ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ይኸው ቆየ። ሜዳው ዛሬ የላሜ ነው። የበሬ መዝጊያ ሐረግ ወጥቶበታል። ሹመቱን ለሌላ ካስረከብኩ ቆየሁ፤ ግን የሹሙ መንገድም የእኔም መንገድ በአንጓች ቤት ነው፤ ለአቤቱታ የሚመጣውም ሁሉ በእሷው ጠላ ቤት ካላለፈ ማዘጋጃ ቤት አይደርስም። ከሳሽ ይመጣል፣ ተከሳሽ ይመጣል፣ አንድ አንድ ይጠጣሉ፣ እሷ ሁለቱንም ትሰድባለች፣ ታርቀው ይመለሳሉ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከጎተራው ውስጥ ማኅተሜን ይዤ ሰው ስጠብቅ እውል ነበር። አሁንም ሲከፋኝ በቀዳዳው ብቅ ብዬ፣ «እሜቴ፣ ዛሬ ለእኔ የተረፈ አቤት ባይ የለም?» እላታለሁ።

ዘነዘናዋን ሳታቆም ትመልስልኛለች።

«ነገ ተመለስ።»